ታክሲ ስትጠብቁ የምትቀመጡበት ግንብ

ይህን ነገር ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኩም፤ ለባሌ አልነገርኩም፤ በየበዓሉ ቤቴን ጠበል ለሚረጩት ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። ለእሳቸው ያልነገርኩት ፈርቼ እንዳይመስላችሁ። ብነግራቸው ስግደት ያዙኛል፤ እሰግዳለሁ፤ ጉልበቴን ያመኛል፤ ከዚያ "እግዚአብሔር ይፍታሽ" ይሉኛል። ነገሩም እዚያ ላይ ያልቃል። እኔ ደግሞ እንዲያልቅ አልፈልግም። ስለዚህ ለማታውቁኝ ለእናንተ እጽፈዋለሁ። ለምታውቁኝም፣ በተለይ ለሰፈሬ ሰዎች።

የሠራሁት አንድ ነገር ነው። "ወረዳው ስለ ድንጋዩ የሚያውቀው ነገር የለም" አልኩ። ይኸው ነው። በሐሰት እንኳ አልማልኩም፤ ማዪ ያለኝም አልነበረም። ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ፣ ነጠላዬን አስተካከልኩ፣ ይህችን ተናገርኩና ተመልሼ ተቀመጥኩ። በዚህች የተነሣ አንድ ሰው ስማቸውን አጡ። ሲሞቱም በራቸው ላይ የእድር ድንኳን አልተተከለላቸውም።

ሰውየው ጋሽ ተካ ናቸው። ከአባቴ ጋር አንድ ፋብሪካ፣ አንድ ፈረቃ ሠርተው ያረጁ፣ የአቃቂ በሰቃ ሰው። አባቴ ሲሞት እኔ ገና ተማሪ ነበርኩ። የእድራችን ዳኛ እሳቸው ስለነበሩ ድንኳኑን ያስተከሉት፣ መቃብሩን ያስቆፈሩት፣ ለቀስተኛውን ያስተናገዱት እሳቸው ናቸው። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር "ትምህርትሽ እንዴት ነው?" ሳይሉኝ አያልፉም። የአባቴ ወንድም አልነበሩም፤ ግን የአባቴ ወንድሞች ያላደረጉልኝን አድርገውልኛል። ይህን የምናገረው የእኔን ነገር ለማክበድ ነው እንጂ እሳቸውን ለማወደስ አይደለም። ለማላውቀው ሰው ብዋሽ ኖሮ ቀላል ነበር ብዬ አላምንም፤ ግን ይህኛው ከዚያ ይከፋል።

ዲፕሎማዬን እንደያዝኩ በወረዳችን የሕዝብ ተሳትፎ ክፍል በኮንትራት ተቀጠርኩ። የወረዳውን ቁጥር አልጽፍም፤ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሥራዬ እንዲህ ነበር። አንድ ሰፈር የውሃ ማፋሰሻ ወይም የውስጥ ለውስጥ መንገድ ሲፈልግ የራሱን ድርሻ ያዋጣል። ድርሻው ገንዘብ ሊሆን ይችላል፣ ጉልበት ሊሆን ይችላል፣ አሸዋና ድንጋይ ሊሆን ይችላል። የቀረውን መንግሥት ይጨምራል። ሰው መሰብሰብ የሚችለው እድር ስለሆነ ወረዳው ከእድሮች ጋር ይሠራ ነበር። አቅራቢያችን ያለ አንድ ፋብሪካም ሲሚንቶ እንሰጣለን ብሎ ገባ። በቢሮ ቋንቋ "አጋር አካላት" እንባባል ነበር። አትሳቁ። ጥሩ አሠራር ነበር፤ ዛሬም ጥሩ ነበር እላለሁ። በዚያ መንገድ ስንት ሰፈር ከጭቃ ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ።

የእኛ ሰፈር የፈለገው የእግረኛ ድልድይ ነው። በእኛና በቤተ ክርስቲያኑ መካከል ወንዝ አለ። በጋ በጋ ሰው በድንጋይ ላይ እየዘለለ ያልፈዋል፤ ክረምት ሲመጣ ግን ሞልቶ ይዘጋል። ያን ጊዜ ለቅዳሴ የሚሄደውም፣ ተማሪውም፣ ገበያተኛውም በዋናው አስፋልት ይዞራል። በክረምት ሰው ሲሞትብንም ሬሳ ተሸክመን በአስፋልቱ ነው የምንዞረው። አሮጊቶች "በበጋ ይግደለኝ" ብለው የሚጸልዩበት ሰፈር የእኛ ሰፈር ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ለድልድዩ የሚሆን ድንጋይ እድራችን ነበረው። ፋብሪካው ግቢ ውስጥ አንድ አሮጌ ሕንፃ ሲፈርስ፣ የእድሩ አባላት ድንጋዩን ገዝተው፣ በትከሻቸውና በጋሪ እያጓዙ ክፍት ቦታችን ላይ ከምረውት ነበር። የእድር አዳራሽ ሊሠሩበት ነው። ብዙው ድንጋይ በአንድ ጎኑ አረንጓዴ የዘይት ቀለም ነበረው፤ የድሮ መሥሪያ ቤቶች ግድግዳቸው ከታች በኩል የሚቀባው ዓይነት። ይህን አረንጓዴ ቀለም ያዙልኝ።

"አዳራሹ ይቆየን፤ ድልድዩ ይቅደም" ያሉት ጋሽ ተካ ናቸው። አባላቱ ወዲያው እሺ አላሉም። አንዳንዶቹ "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብን" አሉ። ጋሽ ተካ በስብሰባው መካከል ቆመው፦

"በእኔ ይሁንባችሁ። ወረዳው ቢዋሸን እንኳ ልጃችን እዚያ አለች አይደል?" አሉ።

ልጃችን ያሉት እኔን ነው። እዚያው ተቀምጬ ነበር፤ አባላቱ እሺ ሲሉ ኩራት ተሰማኝ። እውነቱን ለመናገር ከዚያ ቀን በኋላ እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም።

አዲሱ የበጀት ዓመት እንደገባ ክፍለ ከተማ ለስብሰባ ተጠራን። አዲስ አቅጣጫ ወርዷል ተባለ። ከእንግዲህ ገንዘቡ ለየሰፈሩ አይበታተንም፤ ተሰብስቦ በዋናው መንገድ ዳር ለሚሠሩ ትልልቅ ሥራዎች ይውላል። ወረዳዎችም በጀት የሚለቀቅላቸው ባስመዘገቡት የሕዝብ ተሳትፎ ልክ ነው። ማለትም ከሕዝቡ መቀበላችን ይቀጥላል፤ ለሰፈሩ የምንመልሰው ግን የለም። አጠገቤ የነበሩት ማስታወሻ ይጽፋሉ። እኔ ግን ድልድዩ እንደሞተ እዚያው ወንበሬ ላይ ገባኝ። አልገባኝም ነበር ብዬ ማምለጥ እችላለሁ፤ ብዙ ሰው እንደዚያ ብሎ አምልጧል። እኔ ገብቶኛል።

ስንመለስ ኃላፊዬ ቢሮው ጠራኝና፦

"የእናንተ ሰፈር ድንጋይ እኮ ዝም ብሎ ተከምሯል። እሱን ወደ ዋናው መንገድ እናዙረው፤ በተሳትፎ ይያዝልናል" አለኝ።

"ድልድዩስ?" አልኩት።

"በሚቀጥለው ዓመት ይታያል። ለሕዝቡ ግን አሁን አትንገሪ፤ ግራ ይጋባል።"

መንግሥት ቤት የሠራችሁ "ይታያል" ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። እኔም አውቅ ነበር። ታዲያ ለምን "አይሆንም" አላልኩም? ኮንትራቴ ሊያልቅ ነበር ልበል? እናቴን የማስተዳድር እኔ ነበርኩ ልበል? ሁለቱም እውነት ነው። ግን እናቴ ብጠይቃት ኖሮ "ልጄ፣ ቆሎ ቆርጥመን እናድራለን" ትለኝ ነበር። ስለማውቅ ነው ያልጠየቅኋት።

የኪራይ ገልባጭ መኪና ይዤ ወደ ሰፈሬ ሄድኩ። የሥራ ቀን ስለነበር ሰው ሁሉ ፋብሪካና ገበያ ነው። ጋሽ ተካ በራቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው።

"ጋሼ፣ ድንጋዩ ሊጠረብ ነው። ተጠርቦ ይመለሳል" አልኳቸው በመኪናው መስኮት።

የመጀመሪያው ውሸቴ ይህ ነበር። እሳቸው ግን ደስታቸውን አልቻሉትም። ካፖርታቸውን ደርበው ወጡ፤ የትኛው ቀድሞ እንደሚጫን በምርኩዛቸው እያመለከቱ አሳዩ፤ ለወዛደሮቹ ዳቦና ሻይ አስመጡ። በዚያ በኩል ያለፉ ጥቂት ሰዎች ያዩት ይህን ነው፦ ምንም ምልክት የሌለው መኪና፣ ድንጋይ የሚጭኑ የማይታወቁ ልጆች፣ መካከል ላይ ቆመው የሚያዙ ጋሽ ተካ። እኔ ጋቢና ውስጥ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጬ ነበር። አልወረድኩም።

ክረምቱ ወጣ፣ በጋው አለፈ፣ ሌላ ክረምት ደረሰ። ድንጋዩ አልተመለሰም። ጋሽ ተካ ቢሮዬ ይመጡና ኮሪደሩ ላይ ያለችው አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። "በሂደት ላይ ነው ጋሼ" እላቸዋለሁ። "እግዜር ይስጥሽ ልጄ" ብለው ይሄዳሉ። በኋላ በኋላ በመስኮት ሲመጡ ሳያቸው በጓሮ በር መውጣት ጀመርኩ። እድርተኛው ማጉረምረም ያዘ። ማጉረምረሙ ወደ ሐሜት፣ ሐሜቱ ወደ ስብሰባ ሄደ። እኔ ከስብሰባው በፊት ለኃላፊዬ ነገርኩት። እሱም ከወረቀቱ ቀና ሳይል፦

"እኛ አናውቅም በያቸው። ደግሞ ቋሚ የምትሆኚበት ሰሞን ነው፤ አስቢበት" አለኝ።

አሰብኩበት።

ስብሰባው እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ድንጋዩ ተከምሮበት በነበረው ባዶ ቦታ ላይ ነው። ጋሽ ተካ ድንጋዩን ወረዳው ወስዶ ሊያስጠርበው እንደሆነ ተናገሩ። ስሜን ግን አልጠሩም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ስሜን አልጠሩም። ከአባላቱ አንዱ ወደ እኔ ዞሮ "አንቺ የወረዳ ሰው ነሽ፤ ወረዳው ወስዷል ወይስ አልወሰደም?" አለኝ። ያን ጊዜ ነው የተነሣሁት። "ወረዳው ስለ ድንጋዩ የሚያውቀው ነገር የለም" አልኩ።

ጋሽ ተካ ወደ እኔ ዞሩ። ይቆጣሉ ብዬ ነበር፤ ድምፃቸው ግን ቀስ ያለ ነበር።

"ልጄ፣ ረስተሽው ነው?"

በር ከፈቱልኝ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ስማቸው እየወደቀ ሳለ፣ ለእኔ መውጫ በር ከፈቱልኝ። "አዎ፣ አሁን ትዝ አለኝ" ብል ያበቃ ነበር። ጥቂት አፍራለሁ፤ ምናልባት ሥራዬን አጣለሁ። ምን ነበረበት?

"አላስታውስም ጋሼ" አልኩ።

ባርኔጣቸውን ደፉ። "እንግዲህ እሷ ካለች፣ እኔ የምለው የለኝም" ብለው ተቀመጡ። ድምፅ ተሰጠ። ከዳኝነታቸው እንዲነሡ፣ ድንጋዩን እስኪመልሱም ከእድሩ እንዲታገዱ እጅ ወጣ። የእኔም እጅ ወጥቷል። ያልወጣው የአንድ ሰው ብቻ ነው፦ የማዕዘኑ ባለሱቅ የከድር።

"እኔ ጁምዓ ስሄድ ሱቄን ክፍት ትቼ የምሄደው ለእኚህ ሰውዬ ነው። ቁልፍም ቆልፌ አላውቅ። እጄን አላወጣም!" አለ።

አንዱ "አንተ ደግሞ ነጋዴ ነህ፣ ምናልባት ተካፍለህ ይሆናል" አለው። ተሳቀ። እኔም ፈገግ አልኩ መሰለኝ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። የሰፈሬ ሰዎች፣ እስካሁን አንገታችሁን እየነቀነቃችሁ "ወይ ጉድ፣ ወይ የሰው ክፋት" እያላችሁ ታነቡ ይሆናል። አትነቅንቁ። እኔ ዋሸሁ፤ እናንተስ? አባታችሁን የቀበሩላችሁን፣ ልጃችሁን የዳሩላችሁን፣ ስትጣሉ ያስታረቁአችሁን ሰው በአንዲት ቃሌ ሸጣችኋቸው። አንድ ሰው እንኳ ወረዳ መጥቶ አልጠየቀም። አንድ ሰው እንኳ "ያ መኪና ወዴት ሄደ?" አላለም። አንድ ቀላል ውሸት ሰጠኋችሁ፤ ተሻምታችሁ ወሰዳችሁት። ይህን የምለው ጥፋቴን ለእናንተ ለማካፈል አይደለም። የእኔ ሙሉው የእኔ ነው፤ ፍርፋሪ አልሰጣችሁም። የእናንተን ግን እናንተው ተሸከሙት።

ድንጋዩ የት ሄደ አላችሁ? ዞር ብላችሁ ብታዩ ኖሮ ታውቁ ነበር። ዋናው መንገድ ዳር፣ አበባ የተተከለበት፣ ታክሲ ስትጠብቁ የምትቀመጡበት አጭር ግንብ የለም? እሱ ነው። ግንበኞቹ ቀለም ያለበትን ጎን ወደ ውስጥ አዙረውታል፤ ሁሉንም ግን አላዞሩትም። ከቃሊቲ ወደ አቃቂ ሲመጣ በስተመጨረሻው በኩል ሦስት አራት ቦታ ላይ አረንጓዴ ይታያል። በትከሻችሁ የተሸከማችሁት ድንጋይ ነው። ላዩ ላይ ተቀምጣችሁ ቆሎ ትበላላችሁ፤ ላዩ ላይ ተቀምጣችሁ ጋሽ ተካን ታማላችሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እውነት በየጠዋቱ ከመቀመጫችሁ ሥር ነበረች፤ ማንም ጎንበስ ብሎ አላያትም።

እኔ ቋሚ ሆንኩ። ቆይቶም ወደ ክፍለ ከተማ ተዛወርኩ። ጋሽ ተካ የታገዱ ሰው ሆነው እንኳ ለቅሶ ቤት መሄድ አልተዉም። ድንኳን ውስጥ አይገቡም፤ ከውጭ፣ አጥር ጥግ፣ ከቤታቸው ባመጡት በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ። የእናቴ ለቅሶ ላይም እንዲሁ ተቀመጡ። እኔ ድንኳኑ ውስጥ ከሰው መካከል ሆኜ በሸራው ክፍተት ጫማቸውን አየው ነበር።

ጋሽ ተካ ያለፈው ክረምት ሞቱ።

ወንዙ ሞልቶ ነበር። የእድሩ ድንኳን ከመጋዘን አልወጣም፤ ወንበሩም አልወጣም። "ሕግ ሕግ ነው" አሉ አዲሶቹ ዳኞች። ከድር ከሱቁ ሰማያዊ ላስቲክ አምጥቶ፣ ከአጥሩና ከመብራት ምሰሶው ጋር በገመድ አስሮ በራቸው ላይ ዘረጋው። ዝናቡ በአንድ በኩል ስለሚያፈስ እየተነሣ በእንጨት ይገፋው ነበር። ለቀስተኛው ጥቂት ነበር። ከጥቂቶቹ አንዷ እኔ ነበርኩ። ይህንንም እንደ በጎ ሥራ አትቁጠሩልኝ።

ድልድይ ስለሌለ ሬሳውን ይዘን በአስፋልቱ ዞርን። ካህናቱ ለፍትሐት የቆሙት ግንቡ ጋ ነው። እነሱ ምን ያውቃሉ? ቦታው ሰፋ ስላለ ነው። ሣጥኑ ግንቡ ላይ አረፈ። ተሸካሚዎቹ ተነፈሱ። እኔ ከሣጥኑ ሥር አንዱን አረንጓዴ ድንጋይ አየሁት፤ ዝናብ ስላጠበው ቀለሙ ደመቅ ብሏል። ዙሪያዬን ተመለከትኩ፤ ከእኔ ሌላ ያየ የለም። ያን ጊዜ ያለቀስኩ ይመስላችኋል? አላለቀስኩም። ተናደድኩ። በራሴ፣ በኃላፊዬ፣ በ"ይታያል"፣ በእናንተ፣ በሁሉም ተናደድኩ። በጋሽ ተካም ጭምር።

በእሳቸው ለምን? ከቀብር መልስ ላስቲኩ ሥር ባለቤታቸው እትዬ አስካለ አጠገቤ ተቀመጡ። እጄን ይዘው፦

"ነገሩን አውቆ ነው የተወው። 'የጓደኛዬ ልጅ እንጀራዋን ታጣለች፤ እኔ እንደሆንኩ ጡረታዬ አለኝ' ብሎ ነው። አንቺ ግን አንድ ቀን ትነግሪያቸዋለሽ ይል ነበር" አሉኝ።

አልተቆጡኝም። ብቻ ጋሽ ተካ ያሉትን ነገሩኝና ሌላ ለቀስተኛ ለመቀበል ተነሡ።

ማን ለመናቸው? ማን ስለ እኔ ዝም በሉ አላቸው? እዚያ ባዶ ቦታ ላይ "ውሸታም!" ብለው ቢጮኹብኝ ኖሮ ዛሬ የተባረረች ግን ቀና ብላ የምትሄድ ሴት እሆን ነበር። ደግነታቸው እንደ ዕዳ አንገቴ ላይ ተንጠለጠለ። "አንድ ቀን ትነግሪያቸዋለሽ" ብለው ጠበቁኝ፤ እኔ ደግሞ እሳቸው ሞተው እስኪቀበሩ ጠበቅሁ። ቸኩዬ ቢሆን ኖሮ አንዲት እሑድ ትበቃኝ ነበር።

ባለፈው ወር ከእድሩ ወጣሁ። ጉድ አላችሁ። "ሃይማኖቷን ለወጠች" ያላችሁ አላችሁ፤ "ክፍለ ከተማ ገብታ ኮራች" ያላችሁ አላችሁ። ሁለቱም አይደለም። ምክንያቱ ይኸውላችሁ፣ አሁን ጽፌላችኋለሁ። ሥራዬንም ለቅቄአለሁ፤ ግን እሱ ምንም አይደለም፤ ሥራ የለቀቀ ሁሉ ጻድቅ ቢሆን መንግሥተ ሰማያት ትጠብ ነበር።

ይቅርታ አልጠይቃችሁም። ይቅር ማለት የሚችሉት ሰው አስፋልቱን ዞረው ሄደዋል፤ በእሳቸው ቦታ ይቅር የምትሉ እናንተ ማን ናችሁ? እትዬ አስካለንም አልጠየቅኋቸውም። ብጠይቃቸው ይቅር ይሉኛል፤ እሱን ነው የምፈራው።

አንድ ነገር ግን አዛችኋለሁ፤ አዎ፣ አዛችኋለሁ። የጋሽ ተካ ሙት ዓመት እየደረሰ ነው። ድንኳኑን ከመጋዘን አውጡና በእትዬ አስካለ በር ላይ ትከሉት። ወንበሩንም አውጡ። ከድርን ከፊት አስቀምጡት። ድንጋዩን ወረዳው ወስዷል፤ ያስጫንኩት እኔ ነኝ፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ። ማስረጃ የምትሉ ከሆነ ወደ ታክሲ መጠበቂያው ሄዳችሁ ጎንበስ በሉ።

ለእኔ ደግሞ ቀኔ ሲደርስ ድንኳን አትትከሉ። ያዘነልኝ ካለ በቤቴ ጣሪያ ሥር ይቀመጥ። ክረምት ላይ ከሞትኩ ድልድዩ እስከ ዛሬ የለምና በአስፋልቱ መዞራችሁ አይቀርም። ካህናቱ ግንቡ ጋ ሊቆሙ ይሉ ይሆናል፤ ቦታው ሰፊ ነው። እዚያ ግን አታሳርፉኝ። ትከሻችሁ ቢዝልም አልፋችሁ ሂዱ።